ለመካፈል የተገዛ ድምፅ

ይህን ስነግራችሁ "ፈጠራ ነው" የሚል አይጠፋም። ይበል። እኔ ግን በገዛ ጆሮዬ ሰምቼዋለሁ... እሁድ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ሳሎኔን ፀሐይ ሞልቶት።

ከባለቤቴ ጋር አምፕሊፋየር፣ የድምፅ ማጉያ ሳጥን፣ ልንገዛ የሄድን ቀን ነው ነገሩ የጀመረው። እኔ ስቴሪዮ አልኩ። አንድ ሳጥን ሁለቱንም ስፒከር ያሠራል፣ ለጠባብ ቤት ምን ያንሰዋል? እሷ ግን ሞኖ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አለች። ሁለት ሳጥን፣ ለየስፒከሩ አንድ አንድ።

"ድምፁ ይጠራል ብለሽ ነው?"

"አይ። ስንለያይ ለመካፈል ይመቻል።"

ሻጩ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

እሷ አልሳቀችም።

ዓመት ሳይሞላን ተፋታን። የቀኙን ሳጥን ከነስፒከሩ ጭና ሄደች። ገመድ እንኳ አልተወችልኝም። ለኔ የግራው ቀረ... ግማሽ ዘፈን። ከበሮው አለ፣ በቀኙ በኩል ይወጣ የነበረው ጊታር የለም። እልህ ይዞኝ እሱኑ እሰማ ነበር።

የዚያን እሁድም ከፍቼ ተቀመጥኩ።

ጊታሩ ተሰማ።

ከቀኝ በኩል... ምንም ከሌለበት ጥግ።

ሄጄ ግድግዳውን ዳሰስኩ። ባዶ ነው። ግን ይርገበገባል።

ሮጬ ሳጥኑን አጠፋሁ። ከበሮው ቆመ።

ጊታሩ አልቆመም።

ደወልኩላት። ከተፋታን ወዲህ ተደዋውለን አናውቅም።

"ያንን ነገር ከፍተሻል?" አልኳት በሹክሹክታ።

"ነቅዬዋለሁ... አንተ የአንተን አጥፋ።"

"አጥፍቻለሁ እኮ!"

ትንፋሿ ይሰማኛል።

"ታዲያ... እዚህ ከበሮ የሚመታው ማነው?"

የጠፋውን ሳጥኔን ዞሬ አየሁት።

"ፈራሁ" አለች። "ና።"

በትዳራችን ዘመን ሁሉ አንድ ቀን "ና" ብላኝ አታውቅም። ብነሳ ምን ነበረበት? የቆጠርኩት ቂም ግን ምላሴን ቀደመኝ።

"እኔ ምን አገባኝ? መካፈል የፈለግሽው አንቺ ነሽ። ድርሻሽ ነው... ቻይው።"

ስልኩ ተቋረጠ።

ጊታሩም በዚያው ቅጽበት ጸጥ አለ።

መልሼ ደወልኩ። ይጠራል፣ አይነሳም። ደግሜ ደወልኩ... ይጠራል፣ አይነሳም።

ያኔ ከባዶው ጥግ ሹክሹክታ ሰማሁ።

"ና..."

የሷ ድምፅ ነው። እዚያው፣ ግድግዳው ሥር።

ልጮህ አሰብኩ። ከንፈሬ አልላቀቅ አለኝ።

ጠፍቶ ከተቀመጠው ከግራው ስፒከር ግን አንድ ወንድ መለሰላት።

"መጣሁ።"

የኔው ድምፅ ነበር።

ከዚያ ኮቴ ተሰማ... ከግራ ተነስቶ፣ ቀስ እያለ፣ እሷ ወዳለችበት ወደ ቀኝ። የሚራመድ ሰው አይታየኝም።

ምንጣፉ ብቻ... እየተረገጠ ይጎደጉዳል።