ፎሌ በሁላ ቁልቁለት

ሙሴ መኪናውን ሲያስነሳ የሁላ ተራራ በጉም ተውጦ ነበር። የነሐሴ ዝናብ ማባራት እምቢ ብሏል፤ የቀርከሃው ጫካ ከነፋሱ ጋር ይታገላል፣ መንገዱ ጭቃ ሆኖ ቁልቁል ይፈሳል። ከኋላ ወንበር ላይ አማቱ አቶ ደበሌ ጉልበታቸውን ወደ ሆዳቸው ሰብስበው ተጋድመዋል። ልጃቸው ታቢታ፣ የሙሴ ሚስት፣ ጭንቅላታቸውን ታቅፋለች።

ባልና ሚስቱ ከሐዋሳ የመጡት አባትን ለመጠየቅ ነበር፤ ያገኟቸው ግን በሕመም ሲንፈራገጡ ነው። የጤና ጣቢያው ነርስ ነገሩን አላለባበሰችም። «አንጀታቸው ተጠማዟል። ዛሬውኑ ሐዋሳ ገብተው ቀዶ ጥገና ካልተደረገላቸው አይተርፉም» አለች። አምቡላንሱ ወላድ ይዞ ወጥቷል። የቀረው የሙሴ ፒክአፕ ብቻ ነበር።

ሙሴ ደግሞ መኪናዬን ለክረምት አዘጋጅቻለሁ ባይ ነው። ጎማ ቀይሯል፣ የዝናብ መጥረጊያ ገዝቷል፣ የጉም መብራት አስገጥሟል፤ ለዓይን የሚታየውን ሁሉ አሟልቷል ማለት ነው። ሐዋሳ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ያለው መካኒኩ ሚኪያስ ግን ኮፈኑን ከፍቶ የፍሬን ዘይቱን ሲያይ ፊቱን አጨማዶ ነበር። «ይሄ ዘይት አርጅቷል፣ ጠቁሯል፣ ውሃ ጠጥቷል። ሲግል ይፈላብሃል፤ ያኔ ፍሬን የለህም። ይቀየር፤ የፍሬኑን ሸራም ልየው።»

«ይይዛል እኮ! ክረምቱ ይውጣና እመጣለሁ» አለ ሙሴ። ለክረምት የሚዘጋጅ ሰው ፍሬኑን ለበጋ ማሳደሩ የሚገርም ነው፤ እሱ ግን ያደረገው ይህንኑ ነው።

ከመንደሩ በታች ያለው ጅረት ሞልቶ መሻገሪያውን ውጦታል። ታቢታ ጫማዋን አውልቃ፣ ዱላ ይዛ ገባች፤ ውሃው ከጉልበቷ አልፎ ቀሚሷን ጎተተው።

«የመሻገሪያው ድንጋይ አለ! በእኔ በኩል ና!» ብላ ጮኸች።

ሙሴ በአንደኛ ማርሽ፣ ሳይቆም፣ ውሃውን እየሰነጠቀ ተሻገረ። ማዶ ወጥቶ ፍሬን ቢረግጥ መኪናው አልታዘዘውም፤ ሸራው ርሷል። ይህን እንኳ ያውቃል። ታቢታን አሳፍሮ ቀስ ብሎ እየነዳ ፔዳሉን በስሱ እየተጫነ አደረቀው። ብዙም ሳይሄድ ፈረሶች ከጉሙ ውስጥ ፈንድተው ወጡ፣ መንገዱን ሞሉት። ረገጠ። መኪናው ተንሸራትቶ ከአንዲት እናት ፈረስ ደረት ሥር ቆመ።

«አየሽ? ይይዛል አላልኩም?» አለ። ታቢታ ወደ እቅፏ አጎነበሰች። አባቷ እያቃሰቱ ነው።

ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ሲደርሱ ከኋላ ጡሩንባ አንባረቀ፤ የዳዊት ሚኒባስ ነው። ዳዊትና ሙሴ ከሁላ ሐዋሳ ማን ቀድሞ ገባ እየተባባሉ ዓመታት የተፎካከሩ ሾፌሮች ናቸው። ዳዊት ልለፍ ብሎ መብራቱን አብለጨለጨ። ሙሴ ጥርሱን ነከሰና ማርሹን አወጣ። መኪናን ያለ ማርሽ በቁልቁለት መልቀቅ ሾፌሮቹ ፎሌ የሚሉት ነው፤ ነዳጅ ይቆጥባል፣ ይፈጥናልም፤ ሞተሩ ግን መኪናውን መያዝ ይተውና ሸክሙ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ሙሴ በፎሌው የታወቀ ነው፤ ይኮራበትም ነበር።

«ሙሴ፣ ቀስ በል!»

«አባባ እየሞቱ ቀስ ልበል?»

በየመታጠፊያው ይረግጣል፣ ይለቃል፣ እንደገና ይረግጣል። የተቃጠለ ነገር ሸተተው። የዳዊት መኪና ነው ብሎ ለራሱ ነገረው። ሰው የማይፈልገውን ሽታ ለጎረቤት መስጠት አይከብደውም።

አንድ መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ፔዳሉ ያለ ምንም ተቃውሞ ወለሉ ድረስ ወረደ።

ደጋግሞ ረገጠ። ምንም የለም።

«ፍሬኑ በጠሰ!» ብላ ጮኸች ታቢታ። «ጌታ ሆይ!»

በግራ ገደል ነው፤ ታችኛው ወንዝ ይሰማል እንጂ አይታይም። ሙሴ ማርሹን ቢያስገባ ጥርስ በጥርስ ተፋጭቶ ተመለሰበት። ነዳጅ ሰጥቶ ሞተሩን አስጮኸና ሦስተኛን ሰካው፤ ከዚያ ሁለተኛን። ሞተሩ አጓራ፣ ሁሉም ወደ ፊት ተወረወሩ። የእጅ ፍሬኑን እየሳበ፣ እየለቀቀ፣ መሪውን በቀኝ ወዳለው የአፈር ግድግዳ ሰበረ። በሩ ተፋቀ፣ መስታወቱ ተገነጠለ፣ ጭቃ በመስኮት ገባ። መኪናው ተንገራግጦ ቆመ። ዝናቡ የጋሉት ጎማዎች ላይ ሲወርድ ጭስ ሆኖ ይነሳል።

«አባዬ?»

«አለሁ» አሉ አቶ ደበሌ። ድምፃቸው ሊጠፋ ምንም አልቀረውም።

ሙሴ ወርዶ መንገዱ መሐል ቆመ። ዳዊት ደርሶ አንገቱን በመስኮት አወጣ።

«ምን ሆነህ ነው?»

ይህን ሰው መለመን ለሙሴ ሞት ነበር። ከኋላው ግን እውነተኛው ሞት ተኝቷል። «ዳዊት፣ አማቴን ውሰድልኝ። ሕይወታቸው በእጅህ ነው። በማርሽ ውረድ፤ ፎሌ እንዳታደርግ።»

ዳዊት የጭሱን ምንጭ አየ፣ ሙሴንም አየ፤ አልቀለደም። ወርዶ ሽማግሌውን አብሮት ተሸከመ። ተሳፋሪዎቹ እርስ በርስ ተደራርበው የኋላውን ወንበር ለቀቁ። ታቢታ ወደ ባሏ ዞር ሳትል ገባች።

ሙሴ ብቻውን ቀረ። ጎማዎቹ እስኪቀዘቅዙ ጠበቀ፤ የፈላው ዘይት ሲበርድ ፔዳሉም ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ጠንክሮ ተመለሰ። እሱ ግን ከእንግዲህ አላመነውም። ቁልቁለቱን በሙሉ በአንደኛ ማርሽ ወረደው፤ ሞተሩ እየጮኸ፣ ሰው ሁሉ እየቀደመው። ፈርቶ ነበር፤ አልቅሷልም። ሰውየው ከሞቱ ታቢታን በየትኛው ፊቱ እንደሚያያት አላወቀም። ቱላ ደርሶ የሐዋሳን መብራት ሲያይ እንኳ ደስ አላለውም።

ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ታቢታ በረጠበ ቀሚሷ ቆማለች።

«አሉ?»

«አሉ። ጌታ ይመስገን፣ ከቀዶ ጥገናው ወጥተዋል» አለችና ደረቱ ላይ ወድቃ አለቀሰች።

በማግስቱ ዘመድ አልጋውን ከቧል። «ፍሬን በጥሶበት እንዲህ ያተረፈ ሾፌር! ጀግና ነው!» ይሉታል። ሙሴ ቢያንስ ዝም ማለት ይችል ነበር።

«አልበጠሰም» አለ። «ዘይቱ ይቀየር ተብዬ አልሰማሁም። በፎሌ እየለቀቅኩ አፈላሁት። ሊገድላችሁ የነበረው እኔ ነኝ።»

ታቢታ አቀረቀረች። አቶ ደበሌ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ሽታው ገና ከላይ መጥቶኝ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ሸራ ሲቃጠል አውቃለሁ። መሪ የያዘ አማቼን ምን ብዬ ልናገረው፣ ነውር ነው ብዬ ዝም አልኩ። በነውር ልጄን ይዤ ገደል ልገባ ነበር።»

ሙሴ አልጋው አጠገብ ተንበረከከ። «ከእንግዲህ ይናገሩኝ፣ አባባ።»

«እናገርሃለሁ።» ሽማግሌው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «አሁኑኑ ልጀምር። እዚህ ምን ትሠራለህ? ተነሥ፤ ሂድና ፍሬኑን አሠራ።»

ሙሴ ተነሥቶ ሄደ።