ከፍራፍሬ ማቀዝቀዣው የተሰማው ድምፅ

የእርሻው ባለቤት ሽማግሌው ሞተው የተገኙት በፍራፍሬ ማቀዝቀዣ ክፍሉ ውስጥ፣ በብርቱካን ሣጥኖች መሃል ተኮራምተው ነው። የጣቶቻቸው መገጣጠሚያ ሁሉ ተልጧል። ያገኛቸው ወደ ማምሻው ከገበያ የተመለሰው ወንድ ልጃቸው ነበር።

መርማሪዋ በማግስቱ ጠዋት መጣች። ወፍራሙን በር ደጋግማ ከፍታ ዘጋችው።

«የውጭ መቀርቀሪያው በራሱ ይገባል?»

«አይገባም፤ በኃይል ካልገፉት» አለ ልጁ። «ትናንት ጠዋት ጭነቴን ይዤ ስወጣ አባባ ደህና ነበር። እዚህ የቀረችው እህቴ ብቻ ናት። የትምህርት ቤት ጉብኝት ስለነበር ተማሪዎቹን ታስጎበኝ ነበር።»

እህትየው እጇን በሽርጧ እያደራረቀች መጣች።

«ቁርስ ላይ ነው ያየሁት። ከዚያ አርባ ልጅ ይዤ ስዞር ፋታም አልነበረኝ።»

«ማቀዝቀዣውን አሳይተዋቸዋል?»

«ከውጭ ብቻ። እንዳይበርዳቸው ብዬ።»

መርማሪዋ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደች። አስተማሪው የጉብኝቱን መልመጃ አርሞ ጨርሷል። አንዱ ጥያቄ «በእርሻው ምን ድምፅ ሰማችሁ?» ይላል። አንዲት ተማሪ «ማሽኑ ያንኳኳል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ያንኳኳል» ብላ ጽፋለች። በቀይ እስክሪብቶ «ጎበዝ» ተብሎላታል።

«ማሽን ነው ያላቸው ማነው?»

«አስጎብኚያችን፤ ልጆቹ ሲጠይቋት።»

ከሰዓት በኋላ ልጁን፣ እህትየውንና አስተማሪውን በማቀዝቀዣው በር ላይ ሰብስባ ማሽኑን አስነሳችው። ዝቅ ባለ ድምፅ ከማጉረምረም በቀር ምንም አላለም።

«ይህ ማሽን አያንኳኳም» አለች ወደ እህትየው ዞራ። «በሩን የዘጋው የሰው እጅ ነው። ወንድምዎ ገበያ ነበሩ፤ አስተማሪው ከተማሪዎቻቸው አልተለዩም። ሰው ሳያዩ ዘግተውባቸው ቢሆን እንኳ ማንኳኳቱን ሲሰሙ ይከፍቱላቸው ነበር። እርስዎ ግን ማሽን ነው አሉ።»

እህትየው አልካደችም።

«አባባ በየጉብኝቱ ያችን የማታፈራ ማንጎ ለልጆቹ ያሳያቸዋል። ‹ይህቺና ልጄ አንድ ናቸው፤ ቦታ ይዘው መድረቅ ብቻ› ይላል። ልጆቹ ይስቃሉ። እኔም አሥራ አንድ ዓመት አብሬ ሳቅሁ።»

ወንድሟ ፊቱን አዞረ።

«እስከ መቼ አንኳኩ?» አለች መርማሪዋ።

«ልጆቹ ሊሄዱ ሲሉ የምስጋና መዝሙር ዘመሩ። ሲጨርሱ ምንም አይሰማም።»

«ጮክ ብላችሁ ዘምሩ ያልኳቸው እኔ ነኝ» አለ አስተማሪው።