ጭራ የሌለው የእሳት እራት

«ራሱን ነው ያጠፋው አልኩሽ! የመርዙ ብልቃጥ አጠገቡ ተከፍቶ አልተገኘም?»

«አባቴ ሳይሰናበተኝ ገበያ እንኳን አይወጣም ነበር፣ አክስቴ!»

ዶኛ ቴዎዶራ ሊመልሱ ሲሉ የፖሊስ ኮሚሳሯ ኔሊዳ ባሬይሮ የጫማዋን ቀይ ጭቃ እየጠረገች ገባች። የእሳት እራት ተመራማሪው ዶን አንሴልሞ ኩዝሚን ከሥራ ጠረጴዛቸው ሥር ወድቀዋል፤ ፊታቸው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል። ሴት ልጃቸው ኢርማ ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት ተጠርታ መምጣቷ ነው።

«ጥሎኝ ሄዶ እንደሆነ እሱን ብቻ ንገሪኝ፣ ኮሚሳር» አለች።

ኮሚሳሯ ሰዎች በየተራ ከአንድ ቅል የሚመጡትን የማቴ ቅጠል መጠጥ ጠረጴዛው ላይ አይታ ወደ አክስትየዋ ዞረች። «ማቴውን የሚቀዳው ማን ነበር?»

«እኔ ነኛ! መጀመሪያ ራሴ ጠጣሁ፣ ቀጥሎ ዶክተር ሩፊኖ፣ ከዚያ ወንድሜ። በሁለተኛው ዙር ለአንሴልሞ ቀድቼለት ውኃ ላሞቅ ኩሽና ገባሁ። ስመለስ ወድቋል።»

«ዶክተሩስ በሁለተኛው ዙር አልጠጡም?»

«‹አመሰግናለሁ› ብሎ ቀድሞ ከዙሩ ወጣ፤ በማቴ ደንብ ‹በቃኝ፣ አትቅጂልኝ› ማለት ነው። እኔም ገርሞኛል፤ ቅጠሉ ገለባ እስኪሆን የሚመጥ ሰው እኮ ነው!»

የሟቹ የረጅም ዘመን የሥራ ባልደረባ ዶክተር ሩፊኖ ሌዴስማ በረንዳው ላይ ቆመው ነበር። «እዚህ እያጨስኩ ነበር» አሉ። «ሰሞኑን በጣም ተክዞ ነበር። ሥራዬ ሁሉ ከንቱ ነው ይለኝ ነበር።»

ኮሚሳሯ ወደ ጠረጴዛው ተመለሰች። ክንፉ የተዘረጋ አመድማ የእሳት እራት በመርፌ ተሰክቷል፤ ሆዱ ግን የለም። የአልኮል ኩራዙ ገና አልበረደም። ከላዩ ያለችው ስኒ ታጥባ ውኃ ታንጠባጥባለች።

«የዚህ ጭራ የት ሄደ?»

«አናጢ የሚባሉት እራቶች በክንፍ አይለዩም፤ ሁሉም የዛፍ ልጣጭ ነው የሚመስሉት» አለች ኢርማ። «አባቴ የሆዳቸውን ጫፍ ቆርጦ በፖታሽ ይቀቅለዋል። ሥጋው ሲሟሟ የሚቀረውን ጠንካራ ክፍል በማይክሮስኮፕ ያየዋል። ዝርያውን የሚለየው እሱ ነው።»

«ይሄኛውስ?»

ኢርማ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ዶክተሩ በልጃቸው በአዙሴና ስም የሰየሙት ነው። ልጅቷን ፓራና ወንዝ ነው የወሰዳት። እስካሁን ሴቷ ብቻ ነበረች የተገኘችው፤ ወንዱ ይሄ የመጀመሪያው ነው። ቀድሞ ከሚታወቅ ዝርያ ጋር አንድ ሆኖ ከተገኘ ስሙ ይሰረዛል፤ ከተለየ ግን ይጸናል።»

ኮሚሳሯ ሦስቱንም ሰበሰበቻቸው።

«ዶን አንሴልሞ ራሳቸውን አላጠፉም። ጭራውን ቆርጠው እሳት ላይ ጥደው መልሱን እየጠበቁ ነበር። ኩሽና ውስጥ ውኃ ሲሞቅ እዚህ ገብቶ፣ ከወደቁ በኋላ ስኒዋን ያጠበ ሰው አለ። ዶኛ ቴዎዶራ አይደሉም...»

«እኔማ ጭራውን ከጭንቅላቱም አልለይ!»

«የመርዙ ሽታ ያለው የማቴው ቅል ውስጥ ነው። ከዚያ ቅል ቀጥሎ የሚጠጡት ደግሞ ዶኛ ቴዎዶራ ናቸው። እህቱን የሚወድ ሰው፣ መሞት ቢፈልግ እንኳ እዚያ ውስጥ አይጨምርም። ተራው የማይደርሰው ‹አመሰግናለሁ› ላለ ሰው ብቻ ነው። ዛሬ ከልማድዎ ውጭ ቀድመው ከዙሩ የወጡት እርስዎ ነዎት፣ ዶክተር። እሳቸው ከሞቱ በኋላም ጭራውን ለማጥፋት የሚቸኩል ሌላ ሰው የለም።»

ዶክተር ሩፊኖ ክንፉ ወደ ተዘረጋው እራት ጠጋ አሉ።

«ወንዙ ልጄን አልመለሰልኝም» አሉ። «መቃብር የላትም። ስሟ ያለው እዚያ እራት ላይ ብቻ ነው።»

«ጭራውን የት አደረሱት?» አለች ኢርማ።

«ከነውኃው ደፋሁት።»

«ሳያዩት?»

«ሳላየው።»

«አባቴ ስሟን ሊያጠፋ አልነበረም እኮ! ወንዱን ያን ያህል የፈለገው ለእርስዎ ብሎ ነው። ጠዋት ሲሸኘኝ ‹ምናልባት ዛሬ ስሟ ለሩፊኖ ይተርፍለታል› አለኝ። ደስ ብሎት ነበር።» ወደ አክስቷ ዞረች። «ደስ ብሎት ነበር፣ አክስቴ።»

ዶኛ ቴዎዶራ ወንድማቸው አጠገብ ተንበርክከው ጨርቁን አስተካከሉ። «ይቅር በለኝ» ይሉ ነበር ደጋግመው፤ «ምን ዓይነት ምላስ ነው ያለኝ!» ኢርማ አጠገባቸው ተቀምጣ እጃቸውን ያዘች። ዶክተር ሩፊኖ በሁለት ፖሊሶች መካከል የበረንዳውን ደረጃ ቀስ ብለው ወረዱ።