በቁሙ የተለቀሰለት ሰው

ይህ ታሪክ በእውነት የሆነ ነው። የማያምን ካለ አልፈርድበትም። እኔም ባልሰማው ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር።

ጊዜው 2009 ዓ.ም.፣ ጥር ወር ነው። ቦታው ቢቸና። ሰዓቱ ሊነጋጋ ሲል፣ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ።

ከእማማ አየሁሽ አጥር ጀርባ አራት ሰዎች ተደብቀዋል። ልጃቸው ሰማው፣ የሰማው ሚስት ሀይማኖት፣ የሰባት ዓመቷ ልጃቸው ትህትና፣ እና ስልክ የያዘው ጓደኛው ፋንታ።

ሀይማኖት እህቴ ናት። የምጽፈውን ሁሉ የነገረችኝ እሷ ናት።

በሩ ላይ ደግሞ ጋቢ የተከናነቡ ሦስት ሰዎች ቆመዋል። ከሞጣ ነው የመጡት። እማማ አየሁሽ አያውቋቸውም።

የመጡት መርዶ ሊነግሩ ነው።

የሞተ ሰው ግን አልነበረም...

ሰማው ቀልደኛ ነበር። የቢቸና ልጅ ነው፤ ኑሮው ሞጣ። ድሮ በየሰርጉ ይጠሩት ነበር። የመንደሩን ሰው ሁሉ አካሄድና አነጋገር ያስመስላል። ሲያስመስል ግን ዓይኑ ከዚያ ሰው ፊት ላይ አይነቀልም። ፊቱ ከፋ ካለ ወዲያው ትቶ ወደ ራሱ ቀልድ ይዞራል። ስለዚህ የተቀለደበት ሰው ነበር ከሁሉ ቀድሞ የሚስቀው።

ከዚያ ቀልዱን በስልክ እየቀረጸ ኢንተርኔት ላይ መልቀቅ ጀመረ።

ስልክ ደግሞ ፊት የለውም። ከፋው፣ አልከፋው አይታወቅም።

አንድ ቀን የትህትናን ጫጩት ደብቆ "ድመት በላት" አላት። ልጅቷ ደረቷን እየደቃች አለቀሰች። ያንን ለቀቀው። ከዚያ በፊት እንደዚያ የታየለት ቀልድ የለም። ሰው ሁሉ ከሥር የሳቅ ምልክት ደረደረ። "ድገማት!" የሚሉም ነበሩ።

ደገማት።

ትህትናም እየለመደች መጣች። ስታለቅስ በአንድ ዓይኗ ስልኩን ትፈልጋለች። ካየችው ትስቃለች።

የመርዶው ሐሳብ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

"ተው ሰማው። በመርዶ አይቀለድም" አለችው ሀይማኖት። ከአጥሩ ጀርባ ነው፤ በሹክሹክታ።

"አንድ አፍታ ነው። ከዚያ እኔን ስታይ በሳቅ ትፈርሳለች።"

"እናትህ እኮ ናት!"

"እናቴ ስለሆነች ነዋ። የሰው እናት ላስለቅስ?"

በሩ ተንኳኳ። እማማ አየሁሽ ኩራዝ ይዘው ወጡ። ሦስቱን ሰዎች አዩ። በዚህ ሰዓት ጋቢ ተከናንቦ ደጅ የሚቆም እንግዳ ምን ይዞ እንደሚመጣ የማያውቅ የለም።

"ማነው?" አሉ። ድምፃቸው ቀጭን ነበር።

"እማማ... ይበርቱ። ሰማው ዐርፏል።"

አልጮሁም። ኩራዙን ቀስ ብለው መሬት ላይ አስቀመጡት። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ወገባቸውን አሰሩበት። ጠበቅ አድርገው። ረጅም ሥራ እንደሚጠብቀው ሰው...

ከዚያ አለቀሱ።

ሀይማኖት እንደዚያ ያለ ድምፅ ሰምታ አታውቅም። ጎረቤት በየበሩ ብቅ አለ። ሴቶች እየሮጡ መጡ።

"ውጣ እንጂ!" ብላ ሰማውን ገፋችው።

ሰማው የፋንታን ስልክ አየ። "ገና ነው" አለ።

እማማ አየሁሽ ደረታቸውን እየመቱ ሙሾ ያወርዱ ጀመር፦

*ሳቅ ሲያድል የኖረ ለመንደር ላገሩ፣*
*ለወለደችው ግን እንባ ሆነ ግብሩ።*

"ሰማው!"

"ገና ነው... ገና..."

ሲበቃው የትህትናን ጀርባ መታ አደረገ። ልጅቷ እንደ ተነገራት እየሮጠች ወጣች።

"እምዬ! ቀልድ ነው! ቀልድ ነው!"

ሰማውም እጁን ዘርግቶ እየሳቀ ወጣ። ገሚሱ ጎረቤት ሳቀ፣ ገሚሱ ተራገመ። አንዷ ሴትዮ ጫማዋን አውልቃ ወረወረችበት።

እማማ አየሁሽ ቀና ብለው አዩት።

አልሳቁም። አልተቆጡም።

ወደ ሴቶቹ ዞረው "እንግዳ መጥቷል። ለቅሶ ለመድረስ ነው። ቦታ ልቀቁለት" አሉ።

ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። በቀልድ የመለሱለት መስሎት ነው። ፋንታ እዚያ ላይ ስልኩን ዘጋ። ከዚህ የተሻለ መጨረሻ የለም ብሎ።

ቪዲዮው ባሕር ዳርም አዲስ አበባም ታየ። ሰማው ሞጣ ገበያ ውስጥ መሄድ አቃተው። ሰው ገና ሲያየው ይስቃል።

እማማ አየሁሽ ግን ጥቁር ለበሱ።

መጀመሪያ ሁሉም ቀልድ ነው አለ። በኋላ ሰማው ደጋግሞ እየሄደ ለመናቸው። እሳቸው ጎረቤቱን ሁሉ በስም ያውቃሉ። ትህትናን ያውቃሉ። ሀይማኖትን "ልጄ ጥሎሽ ሄደ፣ አይዞሽ" ይሏታል። የሚሉት ነገር ሁሉ ትክክል ነው።

እሱን ብቻ አያውቁትም።

"እማዬ፣ እኔ ነኝ። ሰማው ነኝ።"

"እግዜር ይስጥልኝ። ከሞጣ ድረስ መጡ? ልጄን ያውቁት ነበር?"

የወለደችው እናቱ አንቱ አለችው።

ጠበል ተወሰዱ። ሐኪም አያቸው። ጤነኛ ናቸው ተባለ።

አርባው ቀን ሲደርስ እማማ አየሁሽ ተዝካር አወጡ። ቄሱ "በቁሙ ላለ ሰው ፍትሐት የለም" ብለው ተቆጥተው ሄደዋል። እሳቸው ግን ዳቦ ደፍተው፣ ጠላ ጠምቀው፣ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ነዳያን ጠርተው አበሉ።

ሰማው ሊያስቆማቸው ሄደ። ሀይማኖትም አብራ ነበረች።

እናቱ በሩ ላይ ተቀበሉት። ከነዳያኑ ጎን አስቀመጡት። ዳቦ ቆርሰው በእጁ ሰጡት።

"ለልጄ ነፍስ ብለው ይቅመሱልኝ" አሉት።

"ሰማው፣ አትብላ" አለች ሀይማኖት።

እናቱን አያቸው። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ይጠብቃል። እምቢ ቢላቸው የሚከፋቸው ይመስላል።

ያን ጊዜ የሰው ፊት ማየት ተመልሶለት ነበር።

በላው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ነው ትንንሽ ነገሮች የተበላሹት።

ሰማው ቤት ሲገባ ውሻው ቀና አይልም። ሻይ ቤት ሲቀመጥ አስተናጋጁ ሌላውን ሁሉ ታዞ እሱን ያልፈዋል።

አንድ ቀን ፋንታ አዲስ ቀልድ ሊቀርጽ መጣ። ያ ስልክ ፊት ሲያገኝ በቢጫ አራት ማዕዘን ይከበዋል። ትህትናን ከበባት። ሀይማኖትን ከበባት። ሰማው ላይ ሲደርስ አራት ማዕዘኑ ጠፋ።

"እንዴ... ወደ ብርሃኑ ዙር እስቲ።"

ዞረ።

"ቆብህን አውልቅ።"

አወለቀ።

"ፊትህን አይዝም" አለ ፋንታ። ሊስቅ ሞከረ። አልሳቀም።

ሰማው በዚያ ቀን የኢንተርኔት ገጹን ዘጋ። ቀልዱን ሁሉ ተወ።

ሀይማኖትን ያስጨነቃት ግን ትህትና ናት።

በዚያው ሰሞን የጎረቤታቸው የሀብትነሽ ሕፃን ሞተ። ሀይማኖት ለቅሶ ስትሄድ ትህትና ተከትላት ገባች። የሚያለቅሱትን ሁሉ አየች። ከዚያ ወደ ሀብትነሽ ተጠግታ ጉንጯን ዳበሰቻት።

"እትዬ ሀብትነሽ፣ አይዞሽ። አሁን ይወጣል።"

"ማን ነው የሚወጣው፣ ልጄ?" አለች ሀብትነሽ።

"ቀልድ ነው እኮ። ከአጥሩ ጀርባ ነው ያለው።"



ሀይማኖት ልጅቷን አቅፋ ወጣች። ማታ ሰማው ከትህትና ፊት ተንበርክኮ ሊያስረዳት ሞከረ። ሰው ከሞተ አይመለስም አላት። አጥር ጀርባ ማንም የለም አላት።

ትህትና አየችውና ሳቀች።

"አንተስ?" አለችው።

ሀይማኖት ባሏ ሲያለቅስ ያየችው ያን ቀን ብቻ ነው። ትህትናም ስልኩ የት እንዳለ በዓይኗ ትፈልግ ነበር...

ግንቦት ላይ ሰማው ወደ ደጀን ሄደ። ለሚሠራበት ወፍጮ ቤት ዕቃ ሊያመጣ ነው። "ስመለስ ቢቸና እወርዳለሁ። 'አንተ' ሳትለኝ ከቤቷ አልወጣም" ብሎ ነበር።

አልተመለሰም።

በማግስቱ ሊነጋጋ ሲል የሞጣው ቤት በር ተንኳኳ። ሀይማኖት ከፈተች።

ጋቢ የተከናነቡ ሰዎች ቆመዋል። ፋንታ መካከላቸው ነው። እጁ ባዶ ነው። ስልክ አልያዘም።

"ሀይማኖት... በርቺ..."

"አትቀልድ" አለችው።

"እንደሱ ቢሆን ደስ ባለኝ" አለ ፋንታ። ተደፍቶ አለቀሰ።

የተሳፈረበት መኪና ቢቸና ሳይደርስ ተገልብጦ ነበር።

ሀይማኖት ጮኸች። ትህትና ከእንቅልፏ ነቅታ ወጣች። ሰዎቹን አየች። ፊቷ በራ። በመካከላቸው ሾልካ ወደ ግቢያቸው አጥር ሮጠች።

"አባዬ! ውጣ! እያለቀሰች ነው!"

ማንም መልስ አልሰጠም። ልጅቷ ግን ጆሮዋን ወደ አጥሩ አስጠጋች። አዳመጠች። ራሷን ነቀነቀች።

ተመልሳ መጥታ የእናቷን ቀሚስ ጎተተች።

"እማዬ፣ ገና ነው አለኝ" ብላ ሹክ አለቻት። "ትንሽ ጨምሪ።"

ቀብሩ ሞጣ ሆነ። እማማ አየሁሽም በሰው ተይዘው መጡ። ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እሳቸው ዳር ቆመው ነበር። ወደ ሀይማኖት ጠጋ አሉና በጆሮዋ ጠየቋት።

"ሟቹ ምንሽ ነው፣ ልጄ?"

"እማማ... ልጅዎ ነው። ሰማው ነው።"

"አይ። የእኔን ልጅስ በጥር ነው ያለቀስኩት" አሉ። "እንባዬንም ያኔ ጨርሻለሁ።"

እጇን ይዘው እስከ መጨረሻው አብረዋት ቆሙ። አላለቀሱም።

ከሠልስቱ በኋላ ፋንታ ያንን ስልክ ይዞ መጣ። የሰማው ድምፅ ያለበት ነው፤ ለትህትና ይሁን ብሎ ለሀይማኖት ሰጣት።

ሀይማኖት ደጅ ተቀምጣ ስትከፍተው ሳታስበው ካሜራውን ነካችው። ስልኩ ወደ አጥሩ ዞሮ ነበር። እኩለ ቀን ነው፤ ፀሐዩ ቦግ ብሏል። አጥሩ ጋ ማንም የለም።

ቢጫው አራት ማዕዘን ወጣ።

ከመሬቱ ከፍ ብሎ፣ በቆመ ሰው ፊት ልክ... ባዶውን ከበበ። ሀይማኖት ስልኩን ወደ ግራ አዞረችው። አራት ማዕዘኑ ጠፋ። መለሰችው። እዚያው ቦታ ላይ ነው። ፊት ይዟል።

ትህትና ከጀርባዋ ሆና ታያለች።

"አየሽው?" አለቻት።

ሀይማኖት ስልኩን አጠፋችው። በማግስቱ አጥሩን አስፈረሰችው። ትህትና በአባቷ እስከ ዛሬ አላለቀሰችም።