የሜርዋን የዕጣ ገንቦ

በሜርዋን መንግሥት ንጉሥ በሚመረጥበት ዕለት፣ ጥንብ አንሳዎች በጠራራ ፀሐይ መጥተው አደባባዩን ከበቡ። ሕዝቡ በድንጋይ ቢያባርራቸውም አልሄዱም። ያኔ ገና ማንም አልሞተም ነበር። ድምፅ ተቆጥሮ የአርዋድ ቤት ማሸነፉ ሲነገር ግን የተሸነፈው የሲሓን ቤት ሰይፍ መዘዘ፤ ስልሳ ሁለት ሰው ወደቀ። በየሰባት ዓመቱ እንዲሁ ነበር።

የአርዋድ ቤት ልጅ ቀልሚያ የወንድሟን የናሆርን ሬሳ ያገኘችው ከመድረኩ ሥር ነው። ከበላዩ አዲሱ ንጉሥ ጫማው በደም እንደራሰ ቆሞ ስለ ሰላም ይናገራል፤ ሕዝቡም ያጨበጭባል። የወንድሟን ዓይን ከድና ለጭብጨባው ጀርባዋን ሰጠች።

በሳምንቱ ወደ ሽማግሌው ዳኛ ወደ አባ ሜልኮስ ሄደች። እሳቸውም በጥንት ዘመን ምርጫ እንዳልነበረ ነገሯት። የሁሉም ስም በአንድ የድንጋይ ገንቦ ይገባል፤ ዕጣ የወጣለት ሰው አንድ ዓመት ገዝቶ ወደ ሥራው ይመለሳል። ገንቦው ምትሃት ስላለበት ማንም ሊያጭበረብረው አይችልም ነበር። ሁለቱ ቤቶች በታሪካቸው የተስማሙት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ገንቦውን ሰርቀው በጥቁሩ ረግረግ ለሚኖረው አውሬ ለጉምራ ያስዋጡት ዕለት።

«ገንቦውን ሳላወጣ የሜርዋንን ውሃ ብጠጣ መርዝ ይሁንብኝ» ብላ ማለች።

አብሯት ለመሄድ የተነሣው የሲሓን ቤት ልጅ ዶራን ብቻ ነበር። ፊቱን ማየት ቢያስጠላትም መንገዱን የሚያውቀው እሱ ነበርና ተከተለችው። አራት ቀን ሲጓዙ ከእሱ ጋር አንድ ማዕድ አልቀረበችም።

ጉምራን እንደ ኮረብታ ተነፍቶ፣ ቆዳው መግል እያዠ ተጋድሞ አገኙት። ግማቱ ዓይን ያስለቅሳል። ቀልሚያ ሦስት ጊዜ ብትወረውርም ጦሯ አልበሳውም። መንጋጋው የሚከፈተው ሕያው ሰው ሊጎርስ ሲል ብቻ መሆኑን ዶራን ከአባቶቹ ሰምቶ ነበር። ሰይፉን ፈትቶ ጭቃው ላይ አኖረ።

«ናሆርን የገደልሁት እኔ ነኝ» አላት። «ፊቱን እንኳ አላየሁም። የአርዋድን መቀነት ስለታጠቀ ብቻ ወጋሁት። ይቅር በይኝ አልልሽም። አፉን ሲከፍት ገንቦው ጉሮሮው ላይ ተሰንቅሮ ታዪዋለሽ፤ ፍጠኚ።»

መልስ ሳይጠብቅ ሮጦ ወደተከፈተው መንጋጋ ገባ። ቀልሚያ እጇን እስከ ትከሻዋ በዚያ ዝልግልግ ጉሮሮ ሰድዳ ገንቦውን መነጨቀች። መንጋጋው ተዘጋ። አውሬው ገንቦውን እንዳጣ ሟሽሾ ወደ ጭቃው ሰመጠ፤ ዶራንም ከእሱ ጋር። ቀልሚያ ገንቦውን አቅፋ ተንበረከከች። ከዚያም አለቀሰች፤ ስላለቀሰችም ራሷን ተጸየፈች።

በሜርዋን የሚቀጥለው የንጉሥ ምርጫ ዕለት ሲደርስ ሕዝቡ ስሙን እየጻፈ ገንቦው ውስጥ ጣለ። ዕጣው ከሁለቱም ቤት ላልሆነ ጌርሳም ለሚባል ሸማኔ ወጣ። መኳንንቱ በንቀት ተፉ፤ ነገር ግን ያሸነፋቸው ሰው ስላልነበረ የሚበቀሉት አጡ። በዚያ ዕለት አንድም ሰይፍ አልተመዘዘም።

ጌርሳም ገንቦው በማን ሕይወት እንደተገኘ ቀልሚያን ጠየቃት።

«ዶራን ይባላል» አለች። «ወንድሜን የገደለ ሰው ነው። ስሙንም ግድያውንም ጻፉ።»

በአደባባዩ ድንጋይ ላይ ሁለቱም ተቀረጹ። ቀልሚያ ግን ሄዳ አላየችውም።