ተራ ቁጥር አራት

«እቺን አጥፊያት» አሉ ምክትል ርዕሰ መምህሩ። የጣታቸው ጫፍ ስክሪኑን ነክቶ ትንሽ የላብ ምልክት ተወበት።

ጣታቸው ያረፈው ተራ ቁጥር አራት ላይ ነው። ጸሐፊዋ እጇን ከማውሱ ላይ አላነሳችም፤ አላንቀሳቀሰችውምም። ጸሐፊ የሚሏት የክፍሏ ተማሪዎች ኮሚቴ ጸሐፊ ስለሆነች ነው፤ ኮሚቴው የመረጣት ደግሞ እናቷ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ስላላት ነበር። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ኪቦርዱን ሳታይ ትጽፋለች።

ምክትሉ ወደ እናቷ ሱቅ የመጡት የአጋማሽ ፈተናውን ለማባዛት ነው። እግረ መንገዳቸውን ግን «እስቲ ነገ የምታነቢውን ልየው» አሉና ከወንበሯ ጀርባ ቆሙ። ነገ ከሰዓት የወላጆች ስብሰባ አለ። በስብሰባው ላይ ጸሐፊዋ የክፍሏን ጥያቄዎች ታነባለች። ጥያቄዎቹ ሰባት ናቸው፦ የተሰበሩ ወንበሮች፣ ቶሎ የሚዘጋው ቤተ መጻሕፍት፣ የሴቶች መጸዳጃ ቤት መቀርቀሪያ፣ ውሃ የማይወርድበት ቧንቧ፣ እንዲህ እንዲህ ያለ። አራተኛው ግን እንዲህ ይላል፦ «በንባብ ክፍለ ጊዜ መምህሩ፣ ስታነብ የምትንተባተብን ተማሪ ድምፅ እያስመሰሉ ክፍሉን ማሳቃቸውን እንዲያቆሙ።»

«ለምን ቲቸር?» አለች።

«ሌሎቹ ስለ ዕቃ ናቸው። ወንበር፣ ቧንቧ፣ መቀርቀሪያ። ዕቃ ይጠገናል። ይቺ ግን ስለ ሰው ናት። የሰው ስም ደግሞ በወላጅ ፊት አይነሳም።»

«ስም አልጻፍንም።»

«የንባብ መምህር ስንት ነው ያለን?»

አንድ ነው።

«ሰውየው በዓመቱ መጨረሻ ጡረታ ይወጣሉ። ሠላሳ ዓመት አስተምረዋል፤ እኔንም አስተምረውኛል። ቀልድ ይወዳሉ፣ በቃ። ለብቻቸው አነጋግራቸዋለሁ፤ ለእኔ ተዪው ልጄ።»

ድምፃቸው ለስላሳ ነው። ቢጮሁባት ኖሮ ትጮህ ነበር፤ ቶሎ የሚግላት ልጅ ናት። ለስላሳ ድምፅ ግን የሚያዝበት ቦታ የለውም። ወደ እናቷ ዞረች። እናቷ የፎቶ ኮፒ ማሽኑን ክዳን ከፍታ ውስጡ የተጣበቀ ወረቀት እየጎተተች ነበር። አጠገቧ አራት መቶ ገጽ ፈተና ይጠብቃታል። ቀና አላለችም።

ጸሐፊዋ መስመሩን መርጣ አጠፋችው።

አምስት የነበረው አራት ሆነ። ስድስት አምስት ሆነ፣ ሰባትም ስድስት። ቁጥሮቹ ተጠጋጉ፤ ምንም ክፍተት አልታየም።

«አየሽ፣ ራሱ ይቆጥራል» አሉ ምክትሉ ከልባቸው ተገርመው። «በታይፕራይተር ጊዜ አንድ መስመር ከወጣ ገጹ በሙሉ እንደ አዲስ ነበር።»

«ልጆቹ ግን ሰባት መሆኑን ያውቃሉ ቲቸር። ሳነብ ይቆጥራሉ።»

ምክትሉ አገጫቸውን አከክ አከክ አደረጉ። «እንግዲያው ቁጥሩን አንሺና በነጥብ አድርጊው። ያቺ ጥቁር ነጥብ አለች አይደል? ነጥብ ማን ይቆጥራል?»

ሁለቴ ጠቅ ማድረግ በቂ ነበር። ስድስት ጥቁር ነጥቦች ተደረደሩ። ከሥር «ከላይ በተዘረዘሩት ሰባት ጥያቄዎች ተስማምተን ፈርመናል» ከሚለው ዓረፍተ ነገር ውስጥም «ሰባት» የምትለዋ ቃል ወጣች። ምክትሉ ራሳቸው ናቸው ያስታወሷት።

«ጎበዝ። እንዳንቺ ያለች ጸሐፊ ብትኖረኝ ቢሮዬ ወረቀት አይከመርም ነበር» አሉና ወደ እናቷ ዞሩ። «ፈተናው ለነገ ይደርሳል አይደል?»

«ይደርሳል መምህር።»

ምክትሉ እንደወጡ፣ ተራ ይጠብቅ የነበረ ሰውዬ የቤት ኪራይ ውሉን ከፍ አድርጎ አሳያት። «እባክሽ የእኔንም በነጥብ አድርጊልኝ። አከራዬ ‹ልብስ ማስጣት ክልክል ነው› የሚለውን አንቀጽ ሲፈልግ ይዋል።»

እናቷ ሳቀች። ጸሐፊዋ አልሳቀችም። የሰውየውን ውል አትማ፣ በስቴፕለር መትታ ሰጠችው፤ ሱቁ ውስጥ እሷና እናቷ ብቻ ቀሩ።

«ምነው ዘጋሽኝ?» አለች እናቷ።

«አንቺስ ዝም ብለሽ አልነበር?»

«ወረቀት ተጣብቆብኝ ነበር።»

«እማዬ።»

እናቷ የማሽኑን ክዳን ዘጋች። የጠቆሩ ጣቶቿን በጨርቅ ጠረገች፣ አንድ በአንድ። «ፊርማው የት ነው ያለው?»

«ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ ለብቻው። መጀመሪያው ገጽ ሞላብኝ።»

«ፊርማ ለብቻው ገጽ ላይ አይውልም እያልኩ ደንበኛ ጋር የምጨቃጨቀው ለምን ይመስልሻል? ከጽሑፉ ቢያንስ ሁለት መስመር አብሮት መሻገር አለበት። ካልተሻገረ ፊርማው የፈለጉት ወረቀት ሥር ይገባል። ይኸው ገባ።»

ጸሐፊዋ የፊርማውን ወረቀት ከመሳቢያ አወጣች። ሠላሳ ስምንት ስም፣ ሠላሳ ስምንት ፊርማ። ሁሉም የፈረሙት ለሰባት ጥያቄ ነው። አሁን ከፊታቸው ስድስት ነጥብ ቢቀመጥ ወረቀቱ ምንም አይልም።

«ምክትሉ ፈርመዋል?» አለች እናቷ።

«አልፈረሙም።»

«እንግዲያው ሰነዱ የእሳቸው አይደለም። ጥያቄውን የሚያወጣው ያስገባው ሰው ነው።»

«ፈተናውን ሌላ ቤት ቢወስዱትስ?»

እናቷ የተከመረውን ወረቀት አየችው። «ይወስዱታል» አለችና ማሽኑን አስነሳችው።

ጸሐፊዋ የድሮውን ባለ ሰባት ቁጥር ገጽና አዲሱን ባለ ነጥብ ገጽ አጣጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተችና ወጣች።

አራተኛውን ጥያቄ ያስገባችው ልጅ ክፍል ውስጥ ከመስኮቱ አጠገብ ትቀመጣለች። ጓደኛሞች አይደሉም። ኮሚቴው ሁሉም ሰው ችግሩን በቁራጭ ወረቀት ጽፎ እንዲሰጥ ሲጠይቅ፣ እሷ አራት ጊዜ የታጠፈች ብጣሽ አስቀምጣ ሄደች። ብጣሿ ላይ «ንባብ ላይ ይተዉኝ» ይላል። ሦስት ቃል። የቀረውን በመንግሥት ደብዳቤ አማርኛ ያስረዘመችው ጸሐፊዋ ናት።

የንባብ መምህሩ ቀልድ ሁልጊዜ አንድ ነው። ልጅቷ ተነሥታ አንድ ቃል ላይ ስትያዝ፣ እሳቸውም ቃሉን እንደ እሷ እየሰባበሩ ይደግሙና «ሬዲዮኗ ዛሬም ጣቢያ አልያዘችም» ይላሉ። ክፍሉ ይስቃል። ከዚያ ወዲህ ስሟ ሬዲዮ ሆኖ ቀረ።

ቤቷ ከጎማ ጥገና ቤት በላይ ነው። ጸሐፊዋ ስትደርስ ልጅቷ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ነጭ ሸራ ጫማ በብሩሽ እያጠበች ነበር። አረፋው ከደረጃ ደረጃ ይወርዳል።

«አራተኛውን አወጡት» አለች ጸሐፊዋ ሰላምታ እንኳ ሳትሰጥ። «ምክትሉ ናቸው ያዘዙኝ። ያጠፋሁት ግን እኔ ነኝ።»

ልጅቷ እጇን ቀሚሷ ላይ አደራረቀች፤ ባለ ነጥቡን ገጽ ተቀበለችና ነጥቦቹን በጣቷ እየነካች ቆጠረች። «ስ... ስ...»

ጸሐፊዋ ቃሉን ልትጨርስላት አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። ታች መዶሻ ጎማ ላይ ሁለት ጊዜ አረፈ።

«ስድስት» አለች ልጅቷ። «አሪፍ ነው። ውሃውም አለበት።»

«አትቀልጂ አቦ። ልመልሰው ነው የመጣሁት። አንቺ መልሺው ካልሽኝ።»

«የመጀመሪያውን አሳዪኝ።»

ጸሐፊዋ አሳየቻት። ልጅቷ ተራ ቁጥር አራትን አንዴ አነበበች፣ ደገመችው። «እኔ እንዲህ አልጻፍኩም።»

«አሳምሬው ነው። ለወላጅ የሚነበብ ስለሆነ።»

«‹መምህሩ› ይላል። እሳቸው ብቻ ናቸው?»

«ምን ማለት ነው?»

ልጅቷ የመለሰችው ረጅም ነገር አልነበረም፤ ጊዜ ግን ወሰደ። መሃል ላይ ሁለቴ ተያዘች፤ አንዴ ትታው ልትነሣ ነበር፤ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረችው። ጸሐፊዋ እስከ መጨረሻው ሰማቻት።

«እሳቸው በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚያገኙኝ። እናንተ አምስት ቀን ሙድ ትይዙብኛላችሁ።»

«እኔ ሬዲዮ ብዬሽ አላውቅም።»

«አላልሽም። ስቀሻል።»

«መቼ?»

«ማክሰኞ። ጠረጴዛው ላይ ተደፍተሽ። መስኮቱ መስታወት ነው እኮ፤ የሚስቀው ሁሉ ይታየኛል።»

ጸሐፊዋ ፊቷ ጋለ። ማክሰኞ በእርግጥ ተደፍታ ነበር፤ የተደፋችውም ሳቋን ለመደበቅ ነው። የምትቆጣበት ነገር ፈለገች። ይሄን ሁሉ መንገድ መጥታለች፤ የእናቷን ሥራ አደጋ ላይ ልትጥል ነው፤ ይቺ ልጅ ደግሞ ቁጭ ብላ ማክሰኞን ትቆጥርባታለች።

«እኔ እኮ ላንቺ ብዬ ነው» ብላ ጀመረች። ድምፁ ከጆሮዋ ሲደርስ ለስላሳ ሆኖ ተሰማት። አልጨረሰችውም።

ልጅቷ ብሩሹን አነሣች።

«ታዲያ ልመልሰው ወይስ ላውጣው?»

«እኔን አትጠይቂኝ። የኔን ጽፌ ሰጥቻችኋለሁ።»

ጸሐፊዋ ስትመለስ ሱቁ ውስጥ የፈተናው ወረቀት በማሽኑ አፍ እየወጣ ይደረደር ነበር። እናቷ እየቆጠረች ስለነበር በዐይኗ ብቻ ሰላም አለቻት። ጸሐፊዋ ፋይሉን ከፈተች። ነጥቦቹን ወደ ቁጥር መለሰች፤ አራተኛውን ከወረቀቱ እያየች እንደገና ጻፈችው። ውሃው ወደ አምስት ወረደ። ሰባት።

እዚህ ላይ ማቆም ትችል ነበር። ፊርማው እንዳለ ይሠራል፤ ነገ ቆማ ታነባለች፤ ምክትሉ ከፊት ወንበር ያዩዋታል፤ እሷ ደፋሯ ልጅ ትሆናለች፤ መምህሩ ጥፋተኛ። ክፍሉ ያጨበጭባል። እስከ ማክሰኞ ድረስ።

ጠቋሚውን «እንዲያቆሙ» ከሚለው ቃል መጨረሻ ላይ አቆመችውና ኢንተርን ተጫነች። ባዶ አምስት ቁጥር ብቅ አለ። የቀሩት አንድ አንድ ወደ ታች ተገፉ።

«አንዳንድ ተማሪዎችም» ብላ ጀመረች። አየችው። «አንዳንድ ተማሪዎች» ሲባል ማንም ሰው ራሱን አያገኝበትም። አጠፋችው። «እኛ የክፍሉ ተማሪዎችም አብረን መሳቃችንንና በቅጽል ስም መጥራታችንን እንድናቆም» ብላ ጻፈች።

እናቷ ከጀርባዋ መጥታ አነበበችው። «ይሄ ጥያቄ አይደለም።»

«አይደለም።»

«ከጥያቄ መሃል ምን ይሠራል ታዲያ?»

«ቦታው እዚያው ነው።»

እናቷ ቁጥሮቹን እስከ ታች በዐይኗ ተከተለች። «ስምንት ሆኗል። ለሰባት የፈረሙት አይሠራም።»

«አይሠራም።»

«እና ነገ ጠዋት ክፍሉ በሙሉ ስቄያለሁ ብሎ የሚፈርም ይመስልሻል?»

«እንጃ። ላይፈርሙ ይችላሉ። አንዱ ‹ፋራ› ይለኛል፤ ሌሎቹ ይስቃሉ።»

«ካልፈረሙስ?»

«የፈረመውን ይዤ እገባለሁ።»

እናቷ እጇን በትከሻዋ ላይ አሳልፋ ማውሱን ያዘችና የመጨረሻዎቹን ሁለት መስመሮች ወደ ሁለተኛው ገጽ አሻገረቻቸው፤ ፊርማው ከሥራቸው እንዲገባ። ከዚያ ወደ ፈተናዋ ተመለሰች።

ጸሐፊዋ ከሁለቱ መስመሮች ሥር ለፊርማ የሚሆን ቁጥር ጀመረች። ኢንተር፣ ኢንተር፣ ኢንተር። ቁጥሮቹ ወረዱ፤ ሠላሳ ሰባት ላይ አቆመች።

«ሠላሳ ስምንት አልነበራችሁም?» አለች እናቷ ከማሽኑ አጠገብ።

«አንዷ አልሳቀችም።»

ወረቀቱ ከፕሪንተሩ ሞቅ ብሎ ወጣ። ጸሐፊዋ እስኪበርድ አልጠበቀችም። ከባንኮኒው ላይ እስክሪብቶ አንሥታ ከአንድ ቁጥር አጠገብ ስሟን ጻፈች፤ ፈረመች። ከሥሩ ሠላሳ ስድስት ባዶ መስመር ነበር።