ለማንም ላልናገር የፈረምኩት

እኔ እንኳን በመንፈስ ቀርቶ በሕልምም የማላምን፣ ጓደኞቼ «ደረቅ» የሚሉኝ ሰው ነኝ፣ እመኑኝ፣ ይህቺን ግን ዋጥ አድርጌ ልለፋት ብል አልወርድ አለችኝ።

በጦርነቱ ጊዜ ዘመሮ በምትባል የደጋ ከተማ የታይፕ ቤት ነበረኝ። አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በኮንትራት ሥራ ሰጠኝ፣ የተሰዉ ወታደሮችን ዝርዝር መጻፍ። መጀመሪያ አስፈረሙኝ፤ በር ቆልፌ ልሠራ፣ ካርቦኑን ላቃጥል፣ ሽማግሌዎች መርዶውን እስኪነግሩ ለሚስቴም ትንፍሽ ላልል፣ ካልኩ ልታሰር። ደግሞስ በእኛ አገር መርዶ ያለ ሰዓቱ ማን ይናገራል? ፈረምኩ።

ረቡዕ ቀን፣ ከዝርዝሩ መሃል ደምሴን ከነአባቱ ስም ሳገኘው ደጋግሜ አነበብኩት። በረሃ ግንባር የዘመተ የእትዬ በላይነሽ አንድ ልጅ ነው፣ እሳቸው በየቅዳሜው ገበያ ሲመጡ ለእሱ ደብዳቤ የምጽፍላቸው ሴት ናቸው። እንደምንም ስሙን ጽፌ ስጨርስ ደጃፌ ላይ የከስክስ ጫማ ድምፅ ሰማሁ፣ ጭቃ እንደሚያራግፍ ሰው፣ ዱብ ዱብ። ከፈትኩ። ጉም ብቻ። ክረምት ነው፣ አገሩ በጭቃ ተውጧል፣ የደጄ ድንጋይ ላይ ግን ደረቅ አሸዋ ተራግፏል። ጠረግሁት፣ ምን ላድርግ?

ቅዳሜ እትዬ በላይነሽ ለልጃቸው በበግ ጠጉር የሠሩትን ካልሲ ይዘው መጡ። ዓይናቸውን እየሸሸሁ ወረቀት አስገባሁ።

«ምን ብዬ ልጻፍ፣ እትዬ?»

«ተወው ዛሬስ፣ መኮንን። ደምሴ መጥቶ ነበር።»

«መቼ?»

«ረቡዕ፣ ጠጉር ስፈትል። ቁጭ በል ብለው እንቢ አለኝ። ‹እማዬ፣ መኮንንን ስለኔ እንዳትጠይቂው፣ ፈርሟል፣ ያስሩታል› አለኝ። ምን እንደፈረምህ እኔ አላውቅም፣ ልጄ። አልጠይቅህም።» ካልሲውን ጭኔ ላይ አኖሩት። «በል፣ አንተ አድርገው፣ ብርዱ ክፉ ነው።»

አለቀስኩ፣ አላፍርበትም። እሳቸው ራሴን ዳበስ አድርገው ወጡ።

ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹን ተከትዬ ሄድኩ። እትዬ በላይነሽ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደጅ ላይ ቆመው ይጠብቁናል። አብሮን የመጣው ሹም ወደ እኔ ዞረ፣

«ማን ነገራቸው?»

«እሱ አይደለም!» አሉ እትዬ በላይነሽ በመሃላችን ገብተው። «በመድኃኔዓለም፣ ልጄ ራሱ ነው የነገረኝ፣ ይኼን ሰው እንዳትነኩት!»

ሹሙ ሐዘን ያዞራቸው መስሎት ተወኝ። ያን ጊዜ ነው፣ እኔን ካዳኑ በኋላ፣ ልጃቸውን ማልቀስ የጀመሩት።

ፊቴ አሳብቆብኝ ይሆን እላለሁ አንዳንዴ። ይሁን። መፈረሜን ግን ሚስቴ እንኳን አታውቅም ነበር።